ጀሪካኑ ላይ በትንሹ የተጻፈው ቁጥር

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደግፋችሁም ቢሆን አዳምጡኝ፤ ብዙ አላቆያችሁም።

ይህን የሞዴል አውሮፕላን ነዳጅ የያዘ ጀሪካን ተመልከቱት። ፊቱ ላይ አውራ ጣቴን በሚያክል ቁጥር «15%» ተብሎ ተጽፏል። የናይትሮው፣ ማለትም ናይትሮሜቴን የሚባለው ፈሳሽ መጠን ነው። ዘይቱስ ስንት ነው? ጀርባውን አዙሬ፣ ከማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ሥር፣ መነጽሬን አድርጌ ሳነበው «18%» ይላል። ጭራሽ ያልተጻፈበት ጀሪካንም አለ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ከዚህ አይርቅም፤ ነዳጅ ስትመርጡ ትልቁን ቁጥር ለጊዜው ተዉትና ትንሹን ፈልጉ። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «ስንት ፐርሰንት ናይትሮ ላድርግበት?» ይለኛል። «ዘይቱ ምን ዓይነት ነው? ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀኝን ሰው በአንድ እጄ ጣቶች ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ። ከተበላሹ ሞተሮች ውስጥ እኔ እጅ የገቡት አብዛኞቹ ግን የተበላሹት በዘይት ምክንያት ነው፤ ወይ አንሷቸው፣ ወይ ዓይነቱ አልሆናቸው፣ ወይ ከበረራ በኋላ ባለቤታቸው ረስቷቸው።

እስቲ ክዳኑን ልክፈተውና ውስጡ ያለውን እንለየው። ሦስት ነገር ነው፤ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት። ቀለሙን አትዩት። ቀይም ሆነ አረንጓዴ ማቅለሚያ ብቻ ነው። ነዳጁ ታንኩ ውስጥ የት እንደደረሰ ለማየት ይጠቅማል፣ ስለ ጥራቱ ግን የሚናገረው ነገር የለም። «ቀዩ ይሻላል» ሲባል ሰምቼ ዝም ያልኩባቸው ጊዜያት አሉ፤ ዛሬ ግን ዝም አልልም።

አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው ሜታኖል ነው። ቤንዚን ቀርቶ ሜታኖል የተመረጠበት ምክንያት ካንዴሌታው ነው፣ ግሎው ፕላግ የምንለው። የመኪና ካንዴላ እሳት የሚሰጠው በኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪና ኮይል ይፈልጋል። የድሮዎቹ ሞዴል አውሮፕላኖች ይህን ሁሉ ተሸክመው ነበር የሚበሩት። እ.ኤ.አ. በ1947 ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ ግሎው ፕላግን ለገበያ ሲያቀርብ ያ ሁሉ ሸክም ወረደ። ካንዴሌታው ውስጥ ያለችው ጥቅልል ሽቦ ፕላቲነም አለባት። ሞተሩን ስታስነሡ በ1.5 ቮልት ባትሪ ታግሏታላችሁ፤ ከተነሣ በኋላ ባትሪውን ብትነቅሉትም አትጠፋም። የሜታኖል ትነት የጋለ ፕላቲነም ሲነካ እዚያው ሽቦዋ ላይ ስለሚቃጠል፣ ነዳጁ ራሱ እያጋላት ይቀጥላል። ቤንዚን ከፕላቲነም ጋር እንዲህ አይግባባም። ስለዚህ «ቤንዚን ባደርግበትስ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የተለመደው ባለካንዴሌታ ሞተር የሚጠጣው ሜታኖል ነው።

ሜታኖል ሌላም ውለታ አለው። ሲተን የሚስበው ሙቀት በኪሎ ሲታሰብ ከቤንዚን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሮጦ እንደቆመ የሲሊንደሩ ጭንቅላት እጅ ያቃጥላል፤ ካርቡሬተሩን ብትነኩት ግን ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥበት ባለበት ቀን ጤዛ ሲይዝም አይቻለሁ። ሞተሩን ከውስጥ የሚያቀዘቅዘው ነዳጁ ነው። ነዳጅ ሲያንሰው ቶሎ የሚግለውም ለዚሁ ነው፤ በአንድ ጊዜ ማቀዝቀዣውንም ማለስለሻውንም ያጣል።

አሁን ወደ ትልቁ ቁጥር እንሂድ። ብዙዎችን የሚያስገርማቸው ነገር ናይትሮሜቴን በኪሎ ሲመዘን ደካማ ነዳጅ መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሲቃጠል 44 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል፣ ሜታኖል 20 ገደማ፣ ናይትሮሜቴን 11 ገደማ። ታዲያ ዝናው ከየት መጣ? ኦክስጅኑን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ነው። ሞተር ነዳጅ አይቸግረውም፣ ካርቡሬተሩ ላይ ነዳጁን የሚመጥነውን መርፌ መክፈት ነው፤ የሚቸግረው አየር ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ለማቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። ለሜታኖል 6.5 ያህል ይበቃል፣ ለናይትሮሜቴን ደግሞ 1.7። ስለዚህ ሞተሩ በሳበው በእያንዳንዱ ኪሎ አየር ቤንዚንም ሜታኖልም 3 ሜጋጁል ገደማ ሲሰጡ፣ ናይትሮሜቴን ከ6 በላይ ይሰጣል። ዝናው ይህ ነው።

ግን ልብ በሉ፣ ይህ ለንጹሑ ናይትሮ ነው። ጀሪካናችሁ ውስጥ ያለው 10 ወይም 15 ፐርሰንት ነው። ከ5 ወደ 10 ስትወጡ የምታገኙት የጉልበት ጭማሪ ሰው እንደሚያወራው አይደለም፤ ፕሮፔለሩን በትክክል መምረጥ ከዚያ የበለጠ ሊሰጣችሁ ይችላል። በእኔ ግምት የናይትሮ ዋና ጥቅሙ ሚኒሞ ላይ ነው። ሞተሩ በትንሽ ዙር ሳይንገዳገድ ይቆማል፣ ስትሰጡት ሳያመነታ ይነሣል፣ መርፌው ትንሽ ቢሳሳትም ይቅር ይላል። አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ለሚበር ሰውም ኦክስጅን ስለሚጨምር ያግዛል።

ናይትሮ የግድ እንዳልሆነ ማስረጃ ከፈለጋችሁ የዓለም አቀፉን የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ተመልከቱ። በገመድ ተይዘው የሚዞሩት የፍጥነት አውሮፕላኖች የሚበሩት በ80 ሜታኖልና በ20 የጉሎ ዘይት ነው፤ ናይትሮ የለበትም። በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ዘዴው ሞተሩ ላይ ነው፤ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ፒስተኑ ድብልቁን የሚጨምቅበት ልክ፣ ለዚያ ነዳጅ ተብሎ ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል።

ይህን የጠቀስኩት ናይትሮና ኮምፕሬሽን አብረው የሚታዩ ስለሆኑ ነው። ናይትሮ ሲበዛ እሳቱ ቀድሞ ይነሣል። ኮምፕሬሽኑ ከፍ ያለ ሞተር ላይ 25 ወይም 30 ፐርሰንት ብታፈሱበት፣ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ እሳቱ ይጀምርና ይገፈትረዋል። ድምፁን አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም፤ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ሲበተን ይመስላል። ካንዴሌታውን ስታወጡት ሽቦዋ ተጣምማ ወይም ተበጥሳ ታገኟታላችሁ። መፍትሔው ወይ ናይትሮውን መቀነስ ነው፣ ወይ ከሲሊንደሩ ጭንቅላት ሥር አንድ ተጨማሪ ሺም፣ ማለትም ቀጭን የብረት ቀለበት ማስገባት። እኔ መጀመሪያ ናይትሮውን ነው የምቀንሰው።

ከዚያ ያለፈ ስለ ናይትሮ የምጨምረው የለኝም። በየዙሩ ለሚተኩሰው ባለሁለት ምት የስፖርት ሞተር ከ5 እስከ 15፣ በየሁለት ዙሩ አንዴ ለሚተኩሰው ባለአራት ምት ከ10 እስከ 15፣ 0.8 ሲሲ ለሚሆኑት ደቃቃ ሞተሮች ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ። የሞተሩ መመሪያ ሌላ የሚል ከሆነ መመሪያውን ስሙ።

አሁን ወደ ዘይቱ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ይህችን የእንጨት ቁራጭ ጀሪካኑ ውስጥ ነክሬ አወጣኋት። መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ላድርግ። እስክጨርስ ድረስ ሜታኖሉ ይተንና የሚቀረው ዘይት ይሆናል። ሞተራችሁ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ነዳጁ ይቃጠላል፣ ዘይቱ አብዛኛው ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከበረራ በኋላ ክንፉን የምትጠርጉት እሱን ነው። «ዘይቱ በዝቶ አውሮፕላኔን አቆሸሸው» ብሎ የሚያማርር ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ሞተሩ ደህና ነው ማለት ነዋ።

ሁለት ዓይነት ዘይት አለ፤ የጉሎ ዘይትና ሰው ሠራሽ ዘይት። የጉሎ ዘይት አሮጌ ነው ተብሎ ይናቃል። ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ሲግል እየወፈረ ይሄዳል። ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዙና ብረቱ ላይ የሚለጠፍ ሽፋን ይሆናሉ። ነዳጅ አንሶት ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል፣ ልክ ሌላው ዘይት ሊለቀው ሲል፣ የጉሎ ዘይት እዚያው ይቆያል። ክፋቱም ከዚሁ ጠባዩ ይመጣል። ያ ሽፋን ሲደጋገም ቡናማ ቫርኒሽ ሆኖ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይለብሳል፣ ጭስ ማውጫውን ያጠቁራል፣ ብዙ ጊዜ ቆሞ የቆየ ሞተር በእጅ አልዞር እስኪል ድረስ ያጣብቃል።

ሰው ሠራሹ ዘይት ንጹሕ ነው። ቫርኒሽ አይተውም፣ በቅዝቃዜም አይወፍርም። ሞተሩ በትክክለኛው ሙቀት እስከሮጠ ድረስ ሥራውን ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ችግሩ ወሰኑን ሲያልፍ ነው፤ ይቃጠልና ብረት ለብረት ትቶት ይሄዳል። ማስጠንቀቂያም አይሰጥም።

ለዚህ ነው እኔ ድብልቁን የምወደው። ከዘይቱ አብዛኛው ሰው ሠራሽ ሆኖ፣ አምስተኛው ያህል የጉሎ ዘይት ቢሆንበት ሁለቱንም ታገኛላችሁ። በ20 ፐርሰንት ዘይት ውስጥ 4ቱ ጉሎ፣ 16ቱ ሰው ሠራሽ ማለት ነው። ቫርኒሹ ጥቂት ይሆናል፣ በክፉ ቀን ደግሞ ያቺ 4 ፐርሰንት ትደርስላችኋለች።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከዓመታት በፊት ነዳጅ አለቀብኝና አንድ ወዳጄ ለሞዴል መኪና የተሠራ ጀሪካን አዋሰኝ። ናይትሮው 20 ነው፤ ደስ አለኝ። ዘይቱን አላየሁም። ኋላ ስናየው 10 ፐርሰንት ገደማ ነበር። የሞዴል መኪና ነዳጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ መኪናው አሁን ይሮጣል፣ አሁን ይቆማል፣ ሙሉ ጉልበት የሚሰጠው ለአጭር ጊዜ ነው። አውሮፕላን ግን ፕሮፔለሩን ተሸክሞ ለደቂቃዎች ያለ ዕረፍት ይጎትታል። 6.5 ሲሲ የሆነች ባለሁለት ምት ሞተር ነበረች። የመጀመሪያዋ በረራ ድንቅ ነበረች፣ ሁለተኛዋም። በሦስተኛዋ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ስወስዳት ድምፅዋ ቀስ እያለ ሰለለ፣ ነዳጅ እንዳለቀበት ሳይሆን እጅ እንደያዘው ሆኖ። ደግነቱ ሳይሰበር አረፈ። ጭንቅላቷን ስፈታው የሲሊንደሩ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፣ ፒስተኑን ከሚዞረው ክራንክ ጋር የምታያይዘው ቢየላ የታችኛው ጫፍም ከሙቀት ብዛት ጠቁሯል። ወዳጄ ጥፋት የለበትም፤ ጀርባውን አዙሬ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ባለሁለት ምቱን እንየው። በዚህ ሞተር ውስጥ የነዳጁና የአየሩ ድብልቅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ አይገባም። መጀመሪያ ወደ ታች፣ ክራንኩ ወዳለበት ቤት ይገባል፤ ኩሽኔታዎቹን፣ ክራንኩን፣ ቢየላውን ሁሉ ያረጥባል፤ ከዚያ ነው ወደ ላይ የሚገፋው። ዘይት ያዘለ ነዳጅ በየዙሩ ሁሉንም ዕቃ ያጥባል ማለት ነው። ለዚህ ነው ባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱ በቂ እስከሆነ ድረስ የማያስቸግረው። ከ18 እስከ 20 ፐርሰንት ለአብዛኛው ይበቃል። ኩሽኔታ የሌለው፣ ክራንኩ በነሐስ ቡሽ ውስጥ የሚዞር አሮጌ ወይም ትንሽ ሞተር ከሆነ ግን ከ22 በላይ ውጡ፣ ከዘይቱም ግማሹ ቢያንስ ጉሎ ይሁን። የብረት ፒስተን ያላቸው ጥንታዊ ሞተሮች ደግሞ ጉሎ ብቻ ቢሰጣቸው አይከፉም።

አዲስ ሞተር ስታለማምዱ የፒስተኑን ዓይነት እወቁ። ቀለበት ያለው ፒስተን ቀለበቱ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ መርፌውን ከፍታችሁ፣ ነዳጅ አብዝታችሁ፣ ጉሎ ባለበት ነዳጅ ቀስ ብላችሁ አሩጡት። ኤቢሲ የሚባለው፣ የአልሙኒየም ፒስተንና በክሮም የተለበጠ የናስ ሲሊንደር ያለው ግን ሌላ ነው። ሲሊንደሩ ወደ ላይ ጠበብ ብሎ የተሠራው ሲግል እንዲሰፋ ነው። ሲቀዘቅዝ ላይኛው ጫፍ ላይ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ይህን ሞተር ነዳጅ አብዝታችሁ በቅዝቃዜ ለረጅም ጊዜ ካሮጣችሁት ፒስተኑን ትልጡታላችሁ። ሙቀቱን ያግኝ፤ አጭር አጭር እያደረጋችሁ አሩጡት፣ በመካከሉ ይቀዝቅዝ።

ባለአራት ምቱ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኦ.ኤስ. የተባለው ሞተር አምራች ኤፍኤስ-60 የተባለውን ባለአራት ምት ካወጣ ወዲህ ይህ ሞተር ብዙ ወዳጅ አፍርቷል፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ድምፁ ብቻ ይበቃኛል። ነገር ግን መንገዱን ተከታተሉት። ድብልቁ በመግቢያው ቫልቭ በኩል በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ክራንኩ ቤት አይደርስም። ከጥቂት ሞተሮች በቀር እንደ መኪና ሞተር የሚያስቀምጠው የራሱ ዘይትም የለውም። ታዲያ ኩሽኔታዎቹና ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት ዘይት ከየት ያገኛሉ? በፒስተኑ ቀለበት አልፎ ወደ ታች ከሚያመልጠው ነው። ማለትም ሞተሩ የሚኖረው በፍሳሽ ነው። ከታች ወይም ከኋላ የምትወጣ ትንሽ አፍ አለች፤ ከበረራ በኋላ ጠቆር ያለ ዘይት ጠብ ጠብ ስትል ታያላችሁ። እሷ ስትደርቅ ሥጋት ይግባችሁ።

ስለዚህ «ለባለአራት ምት» ተብሎ የሚሸጥ ነዳጅ ስታዩ ጀርባውን አንብቡ። አንዳንዱ ዘይቱ ወደ 15 ዝቅ ያለ ነው። የሚሰጡት ምክንያት ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚሠራና ነዳጅም ስለሚቆጥብ ብዙ ዘይት አይፈልግም የሚል ነው። እውነት አለው። እኔ ግን ለካም ሻፍቱ የሚደርሰውን ያችን ፍሳሽ እያሰብኩ ከ18 አልወርድም። እዚህ ላይ ከማይስማሙኝ ጥሩ አብራሪዎች ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ የእነሱም ሞተሮች ይሠራሉ፣ ይህን አልክድም። ጉሎ ላይ ግን እንስማማለን፤ ለባለአራት ምት ጥቂት ይበቃል። ቫርኒሹ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ግንድ ከለበሰው ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ይጠፋል።

ናይትሮው ለባለአራት ምት የሚያስፈልግበት ምክንያት ሒሳብ ነው። በሚኒሞ 2,400 ዙር በደቂቃ ላይ ባለሁለት ምቱ በሴኮንድ 40 ጊዜ ይተኩሳል፤ ባለአራት ምቱ 20 ጊዜ ብቻ። በሁለት ተኩስ መካከል የካንዴሌታዋ ሽቦ ትቀዘቅዛለች፣ ባዶ ዙርም ታሳልፋለች። ለዚህ ሲባል ለባለአራት ምት ሙቀቷን ይዛ የምትቆይ ካንዴሌታ ይደረጋል፤ 10 ወይም 15 ናይትሮም ያግዛታል። ባለአራት ምታችሁ ባትሪው ሲነቀል ዙሩ ከወረደ፣ ናይትሮ ከመጨመራችሁ በፊት ካንዴሌታዋን ቀይሩ።

እና እባካችሁ ነዳጅ አታሳንሱበት። ባለአራት ምት ነዳጅ ሲያንሰው እሳቱ ቀድሞ ይነሣና ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ ይገርፈዋል፤ ዳዶው ይላላል፣ ፕሮፔለሩም ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ሁለተኛ የመቆለፊያ ዳዶ አብሮት የሚመጣው ለዚሁ ነው። በፊቱ የሚቆም ሰው አይኑር። ዙር መለኪያ ተጠቀሙ፤ ከፍተኛውን ዙር አግኙና 200 ወይም 300 ዙር እስኪወርድ መርፌውን ክፈቱት። ባለሁለት ምቱ ላይ የነዳጁን ቱቦ ቆንጠጥ አድርጎ መልቀቅ ይቻላል፤ ዙሩ ትንሽ ከጨመረ ልክ ነው፣ ወዲያው ከወደቀ ነዳጅ አንሶታል።

ስለ ዝገት ደግሞ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። አንድ ባለአራት ምት ሞተር ከመጨረሻው በረራ በኋላ እንዳለች መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት፣ ለስድስት ወር። ስመለስ ፕሮፔለሩን በእጄ ሳዞረው አሸዋ ውስጥ የገባ ነገር ይመስል ተንኳኳ። የኋላ ኩሽኔታው ኳሶች እንደ ጡብ ቀልተው ነበር። የሆነው ግልጽ ነው። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የተቃጠለ ናይትሮና ሜታኖል የሚተዉት ቅሪት ከዚያ እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ዘይት ደግሞ እንደ ጉሎ ብረቱን ሸፍኖ አይጠብቅም። ባለሁለት ምቱን ንጹሕ ዘይት ያዘለ ድብልቅ በየዙሩ ስለሚያጥበው ይሻለዋል። ባለአራት ምቱ ክራንክ ቤት ውስጥ የሚሰበሰበው ግን በቀለበቱ ያመለጠው ጭስና ቅሪት ሁሉ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀኑን የመጨረሻ በረራ ስጨርስ ቱቦውን ነቅዬ ውስጡ ያለው ነዳጅ እስኪያልቅ አሮጠዋለሁ፤ ከዚያ በካርቡሬተሩና በዚያች በታች አፍ በኩል ቀጭን ዘይት እጨምርና በእጄ አዞራታለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ነዳጅ በራሳችሁ መቀላቀል የምትፈልጉ አላችሁ። ይቻላል፤ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ በመጠን ይሁን በክብደት እወቁ። በመጠን ለ1 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ናይትሮ፣ 200 ዘይት፣ 700 ሜታኖል ብትሉ፣ «10 ናይትሮ፣ 20 ዘይት» ነው። ያንኑ ሊትር በሚዛን ብታስቀምጡት ግን ናይትሮው 13፣ ዘይቱ 22 ፐርሰንት ገደማ ይሆናል፤ ሜታኖል ቀላል፣ ናይትሮ ከባድ ስለሆነ። አንድ ጀሪካን ከሌላው ጋር ስታወዳድሩ ይህን አስቡ፤ በክብደት የተጻፈ 20 ዘይት በመጠን 18 ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ ዘይቱ በሜታኖል ውስጥ የሚሟሟ ይሁን። የመኪና ሞተር ዘይት አይሟሟም። ካላመናችሁ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርጋችሁ ናጡት፤ ስታስቀምጡት ከሥሩ ይቀመጣል። ታንካችሁ ውስጥም እንዲያ ነው የሚሆነው፤ ሞተሩ መጀመሪያ ዘይት ብቻ ይጠጣል፣ ከዚያ ሜታኖል ብቻ። የጉሎ ዘይትም ተጣርቶ ለሞተር የተዘጋጀ ይሁን፣ ሽቶ የገባበት ቅባት አይሆንም።

ቤንዚን የሚጠጡት ትላልቆቹ ሞተሮች የሌላ ቀን ወሬ ናቸው። ካንዴላ አላቸው፣ የሚጨመርላቸው የባለሁለት ምት ዘይት ነው፤ በ40 ለ1 ስትቀላቅሉ ለ1 ሊትር 25 ሚሊ ሊትር ብቻ። ከ20 ፐርሰንት ወደ 2.5 ሲወርድ ለምን ሊበቃ ቻለ ብትሉ፣ ቢየላቸው በመርፌ ኩሽኔታ ላይ ስለሚዞር ነው። ቱቦውን ግን አትርሱ፤ ለሜታኖል የሚሆነው የሲሊኮን ቱቦ በቤንዚን ያብጥና ይበሰብሳል። ዲዝል የሚባሉት ትንንሾቹም ኤተር፣ ነጭ ጋዝና የጉሎ ዘይት የሚጠጡ ራሳቸውን የቻሉ ዘሮች ናቸው፤ ጀሪካናቸውን ከዚህ ጋር አታጎራብቱት።

ስለ አያያዝ አንድ ነገር ሳልል አልሄድም። ሜታኖል መርዝ ነው። ጥቂት ጉንጭ ዓይን ያጠፋል፣ ከዚያ ካለፈ ይገድላል፤ በቆዳም ይገባል። በአፋችሁ ሳባችሁ ከታንክ አታውጡ፣ ስትቀላቅሉ ጓንት አድርጉ፣ በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አታስቀምጡት። እሳቱ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን አይታይም። መሬት ላይ ያለ ሞተር በእሳት ተያይዞ ሳለ ሰው ሊያነሣው እጁን ሲሰድ አይቻለሁ፤ ያወቅነው ሙቀቱ አየሩን ሲያንቀጠቅጠው ነው።

ከኋላ የተነሣው እጅ ጥያቄ አለው። «ካለፈው ዓመት የተረፈኝ ግማሽ ጀሪካን አለ፤ ልጠቀምበት?» ነው የሚለው። ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ፣ ጨለማ ቦታ የቆየ ከሆነ አዎ። ብርሃን ናይትሮውን ያበላሸዋል። ግማሽ ጀሪካን ደግሞ ግማሽ አየር ነው፤ በዚያ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሁሉ የሜታኖሉ ነው። መሬት ላይ አስነሥተህ ሞክረው። ሚኒሞው ካልቆመ፣ ባትሪው ሲነቀል ከጠፋ፣ መርፌውን ምን ብታደርገው ካልተስማማ፣ ካንዴሌታዋን ቀይርና ድገመው። አሁንም እንደዚያው ከሆነ ነዳጁ ነው፤ አውሮፕላን ላይ አታድርገው። አዲስ ነዳጅ ውስጥ ቀላቅዬ ልጨርሰው ደግሞ አትበል፤ ሁለቱንም ታጣለህ።

መስታወቱን ወዲህ አቀብሉኝ። አያችሁ፣ ሜታኖሉ ሄዷል፤ የቀረችው ይህች የዘይት ክብ ናት። ጀሪካኑንም ልክደነው፤ ስለ እርጥበት ሳወራችሁ አፉን ከፍቼ ትቼዋለሁ።